በረካ ያልነው ዕቃ

ቃሊቲ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙህዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። አላህ በሰው አገር የምትለፋበትን ሐላል ያድርግልህ፣ ከክፉ ዓይንም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ የገላን ኮንዶሚኒየምን ደረጃ አልወጣም እያለ ያስቸግረኛል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ መርዋ ናት። እሷ ዕቃ ልታመጣ ቻይና በሄደች ቁጥር እንጻጻፋለን ብዬሃለሁ፤ በስልክ አታስለፍፈኝ። ሱቅ ውስጥ ስልክ ሳነሳ ደንበኛውም ሠራተኛውም ጆሮውን ያቆማል። ቤት ስገባ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

የላክኸው ማሽን ደርሶኛል። ያ የሳሪሱ ልጅ፣ ቤኪ፣ መጥቶ ሲስተሙን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ በጭንቅላት መያዝ ቀረ» ሲለኝ ሳቄን ዋጥኩት። እኔ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ የስንት መጋዘን የቧንቧ ዕቃ በጭንቅላቴ ይዤ ኖሬያለሁ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን ብቻ እፈራለሁ። ግን አንተ ካልክ ይሁን፤ አባትህም እንዲህ ነበር፣ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም።

እሁድ ሱቁን ዘግተን ቆጠርን። እኔ፣ ቤኪና ሠራተኛችን ቀናው ነበርን። ወንድምህን ሀይረዲንን ወራቤ ለቅሶ ስለነበረብኝ በእኔ ምትክ ልኬው ነበር። ከሲፎን እስከ ሻወር፣ ከቫልቭ እስከ ሚክሰር ቧንቧ አንድ ሳይቀር አወጣን፣ አስገባን። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። አንድ ነገር ልንገርህና ደስ ይበልህ፤ ዕቃችን ከገመትኩት በዝቶ ተገኘ። በተለይ ሚክሰሩ። በጭንቅላቴ ከያዝኩት በላይ ካርቶን ጥግ ላይ ተደርድሮ አገኘሁ። ቀናው «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ቢለኝ «በረካ ነው፤ አትመርምር፣ ቁጠር» አልኩት። ገበያው እንዲህ በሞተበት ዓመት አላህ ከጨመረልኝ ምን እላለሁ? አልሐምዱሊላህ ብዬ አስመዘገብኩ።

ገበያውን ተወው። ኮዬ ፈጬ ቤት የደረሳቸው ሰዎች ድሮ ቧንቧ ገጣሚያቸውን አስከትለው መጥተው ጭነው ነበር የሚሄዱት። ዛሬ ፎቶ አንስተው፣ ዋጋ ጠይቀው፣ «እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ። አይመለሱም። አንዳንድ ቀን ከሰላምታ በቀር የምንሸጠው የለም።

የሀይረዲን ኒካሕ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር ተነጋግረናል። እሱም እንደ ሙሽራ ያፍራል። ዱዓ አድርግለት።

አክስትህ ዙለይኻ


ኢዉ፣ ቻይና፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለዙለይኻ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎንም ያበርታ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች «በረካ ነው፤ አትመርምር» ያሉትን ሳነብላቸው በሳቅ ሞትን።

አክስቴ፣ አሁን ሱቅዎን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ትናንት ከሰዓት ግማሽ ኢንች ቫልቭና ሁለት ሲፎን ሸጣችኋል፤ ልክ ነኝ? እዚህ አገር ነጋዴው የሚኖረው እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ከእርስዎ ሱቅ በምታንስ ክፍል ተቀምጣ ስልኳን ብቻ ታያለች። ሱቋ ውስጥ አንድ ቧንቧ ሲሸጥ ፋብሪካው ያውቃል፣ ሳትጠይቀው ይልክላታል። የትኛው ዕቃ እንደሚፈለግ፣ የትኛው አቧራ እንደሚጠጣ ቁጥሩ ይነግራታል። የእኛ ሰው የሚከስረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ያለውን ስለማያውቅ ነው። አምና ማንም የማይፈልገውን ሰማያዊ ሻወር ያስጫኑኝ ለምን ነበር? «ይሸጣል መሰለኝ» ብለው ነው። ከእንግዲህ መሰለኝ የለም። ሰው ይረሳል፣ ያዳላል፣ ይዋሻል፤ ሲስተም ግን አይረሳም፣ አያዳላም፣ አይዋሽም።

ቤኪ በየወሩ መጨረሻ መጋዘኑን እየቆጠረ ውጤቱን እንዲልክልኝ ተስማምተናል። እንዳይከፋዎት፤ እርስዎን መጠርጠሬ አይደለም፣ እዚህም የሚሠራው እንዲህ ነው።

ሀይረዲንን ይሳሙልኝ። ስደውልለት «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል፤ ገና ከአሁኑ ነው የሚያፍረው? አባታችን ሊሞት ሲል እጁን ይዞ ለእርስዎ የሰጠው ልጅ ለወግ ማዕረግ ሊበቃ መሆኑን ሳስብ ዓይኔ እንባ ይሞላል።

ልጅዎ ሙህዲን


ኢዉ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። መርዋ ዛሬ ስለምትመለስ ፈጥኜ ነው የምጽፈው፣ አሳጥራለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። በስልክ ያልነገርኩዎት ሰውየው አጠገብዎ ቆሞ እንዳይሰማ ብዬ ነው።

የቤኪ ቆጠራ ደርሶኛል። ሠላሳ ካርቶን ሚክሰር የለም። አልተሸጠም፣ አልተሰበረም፣ ለማንም ወጣ ተብሎ አልተጻፈም። ዝም ብሎ ጠፍቷል። ቤኪን ሁለቴ አስቆጥሬዋለሁ። እርስዎ በገበያው መቀዝቀዝ ሲያዝኑ አንድ ሰው መጋዘንዎን እየጋጠው ነበር።

የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘውን ሰው ዛሬውኑ ያስወጡት። ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ስሙን ልጠራው አልፈልግም። ስንት ዓመት አብሮን በላ፣ አብሮን ጠጣ ብለው አይራሩለት። ያመኑት ፈረስ ነው በደንደስ የሚጥል። ልማል ቢልም እንዳያስምሉት፤ ምሎ የሚሰርቅ ሞልቷል፣ ሲስተሙ በቂ ምስክር ነው። ለነጋዴዎቹም ይንገሩ። ከእርስዎ ዘንድ ወጥቶ ነገ የሌላ ሰው ሱቅ እንዳይገባ ይወቁት።

ይህን ስጽፍ ለእኔም ቀላል አይደለም። ግን ካልቆረጥን ንግዱ ያልቃል።

ሙህዲን


ቃሊቲ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙህዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። ቁልፉን ተቀብያለሁ። ልማል አለኝ፣ አላስማልኩትም። ሽማግሌዎች ባሉበት ተናግሬያለሁ፣ ነጋዴውም ሰምቷል።

ደብዳቤህን ሳነብ አንተ እንዲህ ትጨክናለህ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ኋላ ግን፣ አንተ ከቻልከው ለእኔ ምን ይከብደኛል አልኩ።

ፍሌክሲብልና ሲፎን ስላለቀ ላክልኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ብርዱ በርትቷል።

ዙለይኻ


ኢዉ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ፣

አላህ ሰላምዎን ያብዛው። ደብዳቤዎ አጭር ቢሆንም የልብዎን ሐዘን አንብቤበታለሁ። የዕለት ጉርሻውን ከእጃችን የበላ ሰው ሲከዳ ያማል። ግን ይዩት፤ ከወጣ ወዲህ ቆጠራው አንድ ጎማ እንኳ ሳይዛነፍ ልክ መጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈልጋሉ? ቀናውን በማስወጣትዎ አይጸጸቱ። ለዚያውም እኔ ከአገር ሳልወጣ ጀምሮ ያንን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲንጎራደድ ዓይኑ አያምረኝም ነበር።

አሁን ግን የምጨነቀው በሌላ ነው። ሀይረዲን ስልኩ አይሠራም። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩለትንም አላየውም። እርስዎም በሁለት መስመር ደብዳቤዎ ስሙን አላነሡትም። ታሟል? ወይስ ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር ተጣላችሁ? ምንም ቢሆን ይጻፉልኝ። ለኒካሑ የሚሆን ሙሉ ልብስ ገዝቼ በመርዋ ልኬያለሁ። ትከሻው እንደ አባታችን ሰፊ ነው ብዬ አንድ ቁጥር ጨምሬያለሁ፤ ካልሆነው ሳሪስ ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል።

ሙህዲን


ቃሊቲ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙህዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። መርዋ ደብዳቤህን ካመጣችልኝ ቆየ። እሷ ልትሄድ ስትል ብዕር አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። አንዴም ሳልጽፍ አሳለፍኳት። አሁን ረመዳን ነው፤ ጾም ይዤ ልዋሽህ አልችልም።

ቀናው ሱቅ ውስጥ ነው። ይህን ስጽፍ ከፊት ለፊቴ ለደንበኛ ቧንቧ እየቆረጠ ነው። ቁልፉን መያዝ ከተወ ሁለት ዓመት አልፎታል ብዬ ነግሬህ አልነበረም? አልነገርኩህም መሰለኝ። ለወሬም የማይበቃ ትንሽ ነገር ስለሆነ ረስቼው ይሆናል። ቀናውን ዓይኑን ሲያመው ቁልፉን ተቀብዬ የሰጠሁት ለሀይረዲን ነው።

አንተ «ሁለታችንም እናውቃለን» ስትል እኔ የገባኝ ወንድምህን ነው። የገዛ ሥጋውን ካልማረ እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው የጨከንኩት። ያ ደብዳቤ ባይኖር በዘመድ፣ በጎረቤት አስታርቄ፣ ተቆጥቼ፣ እንደ ልጅ ቀጥቼ እተወው ነበር። አንተን ግን ፈራሁህ። ማሽኑንም ፈራሁት።

ሀይረዲን ያለውን ልንገርህ። «እማ፣ እሱ ሚክሰር የእኛ አይደለም፣ የከውሲ ነው» አለኝ። ከውሲን ታውቀዋለህ፤ ከጎናችን ያለው፣ ሃያ ዓመት የጨውና የእሳት ጎረቤቴ። የገቢዎች መሥሪያ ቤት ሰዎች ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ከውሲ ሠላሳ ካርቶኑን እኛ መጋዘን እንዲያቆይለት ሰጠው አለ። እኔ የዚያን ቀን ሱቅ አልነበርኩም። ይህ እንግዲህ የኛ ሰፈር ወግ ነው፤ ጎረቤት ዕቃ አስቀምጥልኝ ሲል ማን ይጽፋል፣ ማንስ ለማን ያሳውቃል? ኋላ ከውሲ ዕቃውን ሲጠይቅ መለሰለት። «የሰው አደራ መለስኩ እንጂ ምን ሰረቅሁ?» አለኝ።

ከውሲን ሽማግሌዎች ፊት አስጠራሁት። «የለም፣ እኔ ምንም አላስቀመጥኩም» አለ። ፊቱ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። ሀይረዲን ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ቁርኣን አምጡልኝና ልማል» አለ። ያኔ ነው ያንተን ቃል የተናገርኩት፦ «ማሽኑ ጽፎ እያለ መሐላ ምን ያደርጋል?» ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ኮምፒውተር የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም አመነው።

የልጅቷ ቤተሰብ በሳምንቱ ሰው ላኩ። ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ «ልጃችን ገና ትማራለች» ብቻ አሉ። ሀይረዲን ልብሱን በፌስታል ይዞ ወራቤ ሄዷል። እዚያ እንኳ ስሙ ቀድሞት ደርሷል። የላክኸውን ሙሉ ልብስ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን አንተ ንገረኝ፤ የትኛውን ልመን?

ዙለይኻ


ኢዉ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ፣

ዒድ ሙባረክ። እኔ ዒዱን ክፍሌን ዘግቼ ነው ያሳለፍኩት።

ለመልሱ የጻፍኩትን ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አልነግርዎትም። የትኛውን ልመን ብለውኛል። አክስቴ፣ እኔም አላውቅም። ወንድሜ ነው። ግን መስከረም ላይ የቆጠራችሁት እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ዓይንዎ እያየ ነው ያስመዘገቡት። የከውሲ ከነበረ ያን ቀን አንዱ እንዴት አላወቀውም? ከውሲስ ለምን ይዋሻል? ደግሞም ሀይረዲን ከወጣ በኋላ ቆጠራው ልክ መጣ። ሌሊትም ቀንም ይህንኑ ነው የምደጋግመው። ሲስተሙ ወንድሜን እንዲምርልኝ የምጫነው ቁልፍ ፈልጌ አጣሁ።

ወራቤ ካሉት ዘመዶቻችን ስልክ ተቀብዬ አገኘሁት። «እውነቱን ብቻ ንገረኝ። ብትወስድም ወንድሜ ነህ፣ እኔ እተካዋለሁ፣ ለአክስታችን አስረዳለሁ» አልኩት። እሱ «ስንት ካርቶን ነው አሉህ?» አለኝ። «ሠላሳ» አልኩት። «እሺ፣ ሠላሳ ይሁን» ብሎ ዘጋው። ደግሜ ስደውል አላነሣም።

አመነ ማለት ነው? እርስዎ ድምፁን ያውቁታልና፣ ቢሰሙት ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። እኔ ከአገር ስወጣ ገና ልጅ ስለነበር ይህን ድምፁን አላውቀውም።

ሙህዲን


ቃሊቲ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙህዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ስታነብ ቁጭ በል። ብቻህንም አትሁን፣ እነዚያን አብረውህ የሚኖሩትን ልጆች ጥራቸው።

ከውሲ ዘንድሮ ሐጅ ደርሶት ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይወጣ ዘመድ ጎረቤቱን እየዞረ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እንደሚል ታውቃለህ። በረራው ሊደርስ ሲል በነጭ ልብሱ ሱቄ መጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ተነሣሁ፣ ወንበር ሰጠሁት። አልተቀመጠም። «ዙለይኻ፣ አውፍ በይኝ» አለኝ። «ምን በድለኸኝ? አውፍ ብያለሁ» አልኩት። «የሚክሰሩን ነው» አለኝ። «ካርቶኖቹ የእኔ ነበሩ። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ነበር። በሰው ፊት የእኔ ነው ብል ሱቄን ይዘጉብኝ ነበር። ልጁ እውነቱን ነው።» ይህን ያለው ቀናው እየሰማ፣ አንድ ደንበኛም ቆሞ እያለ ነው። በረካ ነው ያልኩት ያ የተደረደረ ካርቶን ትዝ አለኝ። ቀናው ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቀኝ አትመርምር ያልኩት እኔው ነኝ። የሰው ዕቃ በራሴ ስም አስቆጥሬ፣ ሰውየው የራሱን ሲወስድ ልጄን ሌባ አልኩት።

«የእኔን አውፍ ብዬሃለሁ። የልጁን ግን ከልጁ ጠይቅ፤ ወራቤ ነው» አልኩት። «ነገ በረራ አለኝ» አለ። ሄደ። እሱ መካ ደርሶ ተመልሷል፣ ሐጂ ከውሲ እየተባለ ሰው እየጠየቀው ነው። እኔም እጠይቀው ይሆን አይሆን አላውቅም።

ቤኪን ጠርቼ ነገርኩት። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ «የቆጠራ ስህተት» የሚል ቦታ ነካ፣ ሠላሳውን ቀነሰ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ጨረሰው። የማሽኑ እንዲህ በቀላሉ ተስተካከለ።

የሰውን ላስተካክል ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ከውሲ ያለውን ነገርኳቸው፣ ጥፋቴንም ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ እውነት ወጣ» አሉ፣ ዱዓ አደረጉ። ደስ ብሎኝ ከመካከላቸው አንዱን፣ ሦስት ሱቅ ያለውን፣ «እንግዲያው ልጁን አንተ ዘንድ አስገባልኝ፤ እኔ ዘንድ መመለስ ቢከብደው እንኳ» አልኩት። «ኢንሻአላህ፣ እናያለን» አለኝ። ይህን እናያለን እኔም ሰው የማልፈልግ ጊዜ የምለው ስለሆነ አውቀዋለሁ። ኋላ መርዋ እንደሰማችው «የወንድሟ ልጅ ስለሆነ ልትሸፍንለት ነው፣ ከውሲም ለሐጁ ብሎ ሸክሙን ወስዶላት ነው» ብለዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ። የልጅቷ ቤተሰብም ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮባቸው ተቀብለዋል።

ከዚያ ወራቤ ሄድኩ። ይህን የምጽፍልህ ሐዘንህን ላስረሳህ አይደለም፤ ካንተ በቀር የምነግረው ስለሌለኝ ነው። ሀይረዲንን ያገኘሁት የአባትህ አጎት ቤት ነው። ከስቷል። ጺሙን አሳድጓል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ፣ ቀና አደረገኝ። የከውሲን ቃል ነገርኩት፣ ያንተንም ደብዳቤ፣ እንዴት እንደተሳሳትን ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ እንዴት በወደድኩ! «አውፍ ብያለሁ፣ እማ። ሙህዲንንም አውፍ ብዬዋለሁ በይው» አለ። ና እንሂድ፣ ቁልፉን ራስህ ያዝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አዲስ አበባ ሥራ ይሰጡህ እንደሆን ልጠይቅልህ አልኩት። ይህንንም አልፈልግም አለ። የቤቱ ሰዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግሩ ሰዎች እያነጋገረ ነው ይላሉ። ለምነው፣ ከልክለው፣ ቢሰማህ። እኔን አልሰማኝም።

የዙሁር ሶላት ሲደርስ ቦርሳዬን አስቀምጬ ውዱእ ላደርግ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እሱን የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ተውኩት። ዝናብ ይጥል ነበር። ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። በሩ ላይ ደርሼ አየሁት፤ ደጅ፣ ከጣራው ክፈፍ ውጭ፣ ዝናቡ እየመታው ቆሟል። «ምነው ልጄ፣ ትታመማለህ፣ ግባ እንጂ» አልኩት።

«ቦርሳሽ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነበር፣ እማ» አለኝ። «ሳትመለሺ ብቻዬን ከእሱ ጋር አልቀመጥም።»

አክስትህ ዙለይኻ